ሙሜ ያጠበቀው ፍሪሲዮን

ሙሜ ዓሊዩን በአሰበ ተፈሪ ከተማ የማያውቀው አልነበረም፤ የሚያውቁት ሁሉ ግን በአንድ ነገር ብቻ ነው የሚያውቁት። ሞተር ሳይክል ይጠግናል። ሚስቱ ኩብራ፣ «የእኔ ባል ልጅ ሲያስል አይሰማም፤ ሞተር ሲያስል ግን ጉርሻውን ጥሎ ይነሣል» እያለች ለጎረቤት ታማዋለች፤ ሐሜቷ ውሸት የለበትም። ገና ጢም ሳያበቅል ሚኤሶ ወርዶ፣ ከባቡር ጣቢያው አጠገብ የጭነት መኪና ሲጠግን ከሚውል አንድ የመናዊ ሽማግሌ ሥር ዓመታት ተቀምጧል። ሽማግሌው አፉን የሚከፍተው ለስድብ ብቻ ነበር። ትምህርቱም በስድቡ መካከል የምትወድቀውን ፍሬ ነገር ለቅሞ መያዝ ነው። ሙሜ ለቅሞ ያዘ።

በሰባ አንድ ዓመተ ምሕረት አሰበ ተፈሪ ላለ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ለገጠር መንገድ የሚሆኑ አምስት ሞተር ሳይክሎች መጡለት፤ ጎማቸው ጥርሳም፣ ወገባቸው ከፍ ያለ፣ ከድንጋይ ድንጋይ የሚዘሉ። ሙሜም አብሯቸው ተቀጠረ። ሰባት ዓመት ሲሞላ አራቱ ሞተው፣ አምስተኛው የአራቱን ሆድ ዕቃ እየበላ ብቻውን ቀረ። ይህን አንዱን በሕይወት ያቆየው ሙሜ ነው፤ ሙሜንም አሰበ ተፈሪ ላይ አስሮ ያስቀረው ይኸው አንዱ ነው። ድሬዳዋ ያለው የሚስቱ ወንድም «ና፣ አብረን ጋራዥ እንክፈት» ካለው ቆይቷል። ሙሜ ሦስት ጊዜ መልቀቂያ ጠየቀ። ሦስቴም መልሱ «አንተ ከሄድክ ሞተሩን ማን ይሠራዋል?» ሆነ። ሰነፍ ቢሆን ኖሮ ገና ድሮ ባባረሩት ነበር። ጠፍቶ መሄድም አይሞከርም፤ በየኬላው የይለፍ ወረቀት ይጠየቃል።

ሌላም ነገር ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ የመሥሪያ ቤቱ ሾፌር ዘይቱን ሳያይ ነድቶ የመኪና ሞተር አቃጠለ። የሰው ስሕተት ነው፤ ስሕተት ነው ያለው ሰው ግን አልተገኘም። አሻጥር ተባለ። አራት ወር ታስሮ ሲወጣ ሁለት ጥርሱ ጎድሎ፣ ጨዋታው ሁሉ አልቆበት ወጣ። ከዚያ ወዲህ ሙሜ «የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም» የምትለዋን ተረት ለምላሱ ልጓም አድርጎ ይኖር ነበር።

ሞተሩን የሚነዳው ጓድ ዳምጤ ይባላል። ከሸዋ ተመድቦ የመጣ፣ ሆዱ ቀድሞት የሚሄድ፣ ደረቱ አቧራና ዳገት የማይችል የአርባ ዓመት ሰው ነው። ክፉ ነው ለማለት ያስቸግራል፤ ፈሪ ነበር እንጂ። ሪፖርቱ ካልሞላ እንቅልፍ ያጣል፣ ከበላዮቹ ስልክ ሲመጣ ቆሞ ነው የሚያናግረው። አነዳዱ ግን ለሙሜ የሆድ ቁርጠት ነው። ቤንዚን በኩፖን ነበርና፣ ዳምጤ ወደ ሚኤሶ ቁልቁል ሲወርድ ቆጠብኩ ብሎ የፍሪሲዮኑን እጀታ እስከ ታች ጨምቆ እንደያዘ ይወርዳል። ከሥር ሲደርስ ደግሞ እጀታውን በግማሽ ለቆ ሞተሩን ያስጮኸዋል። በቆጠባት አንድ ጣሳ ቤንዚን የአንድ ዓመት የፍሪሲዮን ሸራ ይበላል።

ፍሪሲዮን ማለት ሞተሩንና የኋላ ጎማውን የሚያጨባብጥና የሚያላቅቅ ነገር ነው። በዘይት ውስጥ የተደረደሩ ሸራዎች አሉ፤ ሞላዎች አጣብቀው ይይዟቸዋል። ነጂው በግራ እጁ እጀታውን ሲስብ ካቦው፣ ያ የሽቦ ገመድ፣ ሞላዎቹን ያላላና ሸራዎቹ ይለያያሉ። ታዲያ እጀታው ጫፉ ላይ የአንድ ጣት ውፍረት ያህል ልል ያስፈልገዋል። ያ ልል ከጠፋ፣ ማንም ሳይነካው ካቦው ራሱ ሲስብ ይውላል፤ ሸራዎቹም በደንብ አይያያዙም። ሜዳ ላይ አይታወቅም። ዳገት ላይ ግን ሞተሩ ይጮኻል፣ ጎማው አይሰማም፣ ሸራው እርስ በርሱ ተፋጭቶ ይነዳል።

ዳምጤ ይህን ልል እንደ ጉድለት ነው የሚያየው። በሦስት ዓመት ውስጥ «ይህ እጀታ ለምን ይወዛወዛል? አጥብቀው እንጂ!» ያላለበት ሳምንት የለም። ሙሜም «ትንፋሹ ነው፣ ጓድ ዳምጤ፣ ይተዉለት» እያለ ያልፈዋል። በዚያ መሥሪያ ቤት ሙሜ ትእዛዝ እንቢ የሚለው በዚች በአንዲት ጣት ስፋት ብቻ ነበር።

በሰባ ስምንት የመንደር ምሥረታ ዘመቻ ሐረርጌን አዳረሰ። በየኮረብታው ተበትኖ የሚኖረው ገበሬ ቤቱን ነቅሎ ሜዳ ላይ በተሰመረ መስመር እንዲተክል ታዘዘ። ዳምጤ እየዞረ ቤቶቹን ይቆጥራል፣ በራቸው ላይ በቀይ ቀለም ቁጥር ይጽፋል፣ መዝገብ ላይ ያሰፍራል። ቁጥር የተጻፈበት ቤት በወሩ ይነቀላል። ሙሜ እጁ በዘይት ርሶ ሞተሩን ሲያክም፣ የሚያክመው ምን ሊያደርግ እንደሚሄድ ያውቃል።

የሙሜ እናት ሀሊማ የምትኖረው ከበደሳ ከተማ በላይ ጋራ ኤጀርሳ በሚባል ጎጥ ነው። ከቤቷ ሥር ሰማንያ እግር ጫት፣ ከቤቷ ጀርባ የባሏ የዓሊዩ መቃብር አለ። ጫት ደግሞ ዘበኛ የሚፈልግ ተክል ነው፤ ባለቤቱ ከጎኑ ካላደረ ሌላ ሰው ይለቅመዋል። አዲሱ መንደር ከጋራ ኤጀርሳ የሁለት ሰዓት ቁልቁለት ነው። ሰባ ዓመት ያለፋት ሴት ጫቷን ልትጠብቅ በየቀኑ ወጥታ ልትወርድ አትችልም። ሀሊማ ከዚያ ቤት ከወጣች የማንም ቤት ጥገኛ ሆና፣ የሰው እጅ እያየች ነው የምትሞተው።

ዝርዝሩ የሚዘጋው ሚያዝያ ሃያ ነበር። ከዚያ ወዲያ ዝናቡ ስለሚጠና ያልተመዘገበ ጎጥ ለከርሞ ይተላለፋል። ለከርሞ ደግሞ ማን ያውቃል? ሚያዝያ አሥራ አምስት ቀን በዳምጤ መዝገብ ላይ የቀረው ጎጥ አንድ ብቻ ነበር፤ ጋራ ኤጀርሳ። ዳገቱን ፈርቶ ሲያቆየው የኖረ ነው። ባለፈው ሳምንት መንገድ ላይ ሞተሩ ቆሞበት ስለነበር «አብረኸኝ ትሄዳለህ» ብሎ ሙሜን ከኋላው አፈናጠጠው። ሙሜ የእናቱ አገር መሆኑን አልነገረውም። ቢነግረው ዘመዱን ሊሸሽግ ነው ይባላል፤ ባይነግረውም እናቱ በር ላይ አብሮ መቆሙ አይቀርም። የቀረለት ዝም ማለት ነበር፣ ዝም አለ።

በደሳ አድረው ጠዋት ከሆቴሉ ጓሮ ሞተሩን ሲያሞቁ፣ ዳምጤ እጀታውን በጣቱ ወዝወዝ አደረገውና ፊቱን አኮማተረ።

«አሁንም ይሄ ነገር ይላላል። ዛሬ እኮ ዳገት ነው የምንወጣው፣ ሙሜ። አጥብቀው።»

ሙሜ እንደ ወትሮው «ትንፋሹ ነው» ሊል አፉን ከፈተ። ቃሉ ግን ምላሱ ላይ ቀረ። ቀና ብሎ ተራራውን አየው። አንድ ሐሳብ መጣበት፤ መጥቶም እንደ እሾህ ተሰካበት። የታዘዘውን ቢያደርግስ? ለሦስት ዓመት እንቢ ያለውን ዛሬ እሺ ቢልስ?

«ምን ያህል ላጥብቀው፣ ጓድ?»

«ምንም እንዳይወዛወዝ!»

ከኪሱ ቁጥር አሥር ቁልፉንና ፒንሳውን አወጣ። ከእጀታው ሥር ያለችውን ማጥበቂያ ዳዶ ፈታ፣ ካቦውን ሳበ፣ አንድ ዙር፣ ሁለት ዙር፣ ሦስተኛውን ሲያዞር ልሉ ሙሉ በሙሉ ጠፋ። መልሶ ቆለፋት። ሃያ ዓመት በሠራበት ሙያ ሆን ብሎ ያበላሸው የመጀመሪያው ዕቃ ይህ ነው።

ዳምጤ እጀታውን ሞከረና ሳቀ። «እንዲህ ነው! ስንት ጊዜ ነገርኩህ!»

«ልክ ነበሩ፣ ጓድ» አለ ሙሜ።

ሜዳውን እንደ ልባቸው ሄዱ። ወንዙን ተሻግረው ዳገቱን እንደ ጀመሩ ሞተሩ ድምፁን ከፍ አደረገ። ዳምጤ ቤንዚን ጨመረለት፤ ጩኸቱ ጨመረ፣ መንገዱ ግን አልጨመረም። ሁለተኛ ማርሽ፣ አንደኛ ማርሽ፣ ያው ነው። አንድ ክፉ የመንደድ ሽታ ከሥራቸው ወጣ። ከገደሉ አፋፍ ላይ፣ የዳገቱ ሲሶ ሳያልቅ ቆመ።

«ምን ሆነ?» አለ ዳምጤ ላቡን እየጠረገ።

ሙሜ ወርዶ ተንበረከከ። የፍሪሲዮኑ ክዳን እጅ አያስነካም። ማርሽ አስገብቶ፣ እጀታውን ለቆ ሞተሩን ወደፊት ገፋው፤ በማርሽ ያለ ሞተር እንቢ ማለት ሲገባው፣ ጎማው ፎሌ ላይ እንዳለ፣ ማርሽ እንዳልገባ ሁሉ፣ ዝም ብሎ ዞረለት። የምርመራው ውጤት ይኸው ነው። ዳምጤ አጠገቡ ቆሞ ያይ ስለነበር፣ የሚጠግን ለመምሰል ካቦውን አላላው፣ ልሉን መለሰለት፣ እንደገና ሞከረው። በእውነትም አልያዘም። ያንን ያህል ፈጥኖ ይነዳል ብሎ አላሰበም ነበር፤ ለካ ሸራውን የሚኤሶ ቁልቁለት አስቀድሞ ጨርሶት ኖሯል።

«ሸራው ተቃጥሏል። አዲስ ከድሬዳዋ ካልመጣ አይሆንም፣ ጓድ።»

«ስንት ቀን?»

«ፈጠነ ቢባል ሁለት ሳምንት።»

ዳምጤ ፊቱ ተለዋወጠ። ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ሙሜ፣ አንተ ነህ እንዴ?» አለው።

«ምኑ?»

«ጠዋት የነካካኸው እኮ አንተ ነህ።»

«እርስዎ አጥብቅ አሉኝ፣ አጠበቅኩ። ምንም እንዳይወዛወዝ አሉ።»

ዳምጤ ነገሩን አሰበው። ጉዳዩ ከተጠየቀ ማን ምን አዘዘ መባሉ አይቀርም፤ ያ ደግሞ ለእሱም እሳት ነው። ሁለቱ ፈሪዎች ገደል አፋፍ ላይ ተፋጠው ቆሙ። በመጨረሻ ዳምጤ ድንጋይ ላይ ዘፍ አለ። የመንግሥት ንብረት መንገድ ላይ ጥሎ በእግር መሄድ ራሱ ወንጀል ነው፤ በእግር ልሂድ ቢልም ደረቱ አያደርሰውም።

«እንግዲህ ምን ይደረጋል፣ አዙረውና ቁልቁል እየገፋን እንመለስ» አለ።

ሙሜ ደስታው ፊቱ ላይ እንዳይታይ ጎንበስ ብሎ መሪውን ያዘ። ሁለት ሳምንት! ሚያዝያ ሃያ ያልፋል። «አልሐምዱሊላህ» አለ በሆዱ። ከስንት ዓመት በኋላ እንዲህ ሙሉ ትንፋሽ ሲተነፍስ ያ የመጀመሪያው ነበር።

ይህን ጊዜ ከላይ ከተራራው ድምፅ መጣ። «ያ ሙሜ! ያ ሙሜ ዓሊዩ! አንተ ነህ ወይ?»

የእናቱ ጎረቤት ሽማግሌው አብዱልቃዲር ነበር። ጋራ ኤጀርሳዎች ያን ቀን ጉዛ ወጥተው፣ አርባ የሚሆኑ ወንዶች በዘፈን የአንድ ሰው ማሳ በጋራ እየቆፈሩ ነበር። ከላይ ሆነው የሞተሩን ጩኸት ሰሙ፣ ቆሞ መቅረቱን አዩ፣ ከዚያም ከኋላ የተቀመጠውን ሰው ለዩት። የሀሊማ ልጅ ነው! የገዛ ልጃቸው ከእንግዳ ጋር መንገድ ላይ ቀርቶ እንዴት ያያሉ? መቆፈሪያ ዶንጎራቸውን ማሳው ላይ ሰክተው፣ ገመድ ይዘው፣ እየዘፈኑ ቁልቁለቱን ወረዱት።

ሙሜ ሲመጡ እያየ እጁን አወናጨፈ። በኦሮምኛ «ዲሳ! ተዉት፣ እኛው እንመለሳለን!» አለ። ሳቁበት። በዚያ አገር ደንብ ያለው እንግዳ በመጀመሪያው ግብዣ እሺ አይልም፣ በሁለተኛውም አይልም። ሙሜ ከደረሱም በኋላ «ወላሂ፣ አትድከሙ» አለ። «ከተማ ገብቶ እኛን ማፈር ጀመረ!» አሉና ትከሻውን መቱት። ሦስተኛ ጊዜ «ስለ አላህ፣ ተዉት» ሲል አብዱልቃዲር፣ «እናትህ በደንብ አሳድጋሃለች፣ አሁን ግን ይበቃል» ብሎ ገመዱን ከመሪው ሥር አሰረው። አራተኛ ቢል ንቀት ነው የሚሆነው። ዳምጤ ከድንጋዩ ላይ ተነሥቶ «ጎበዝ ሕዝብ ነው! የተደራጀ ሕዝብ!» እያለ አጨበጨበላቸው።

የዳምጤን መምጣት አያውቁም ማለት አይደለም። ከሌሎቹ ጎጦች ወሬው ደርሷቸዋል። ግን ሙሜ አብሮት አለ፤ መንግሥት ቤት የሚሠራ ልጃቸው አብሮት ከመጣ በጎ ነገር ቢኖር ነው፣ ክፉም ቢሆን እሱ ይናገርልናል ብለው አስበዋል። አንዱ እንዲያውም እየገፋ ጆሮው ሥር «አንተ ስላለህ ነው ልባችን ያረፈው» አለው።

አርባ ሰው የያዘው ነገር ዳገት አያውቅም። ሞተሩ እየተሳበና እየተገፋ፣ አንዳንድ ቦታም ከነጎማው ተነሥቶ ወጣ። መንገዱ በገደሉ ጠርዝ ነው፤ በግራቸው መሬቱ የለም። ዳምጤ ሁለት ጥምዝ ያህል ተከትሏቸው ደረቱ አልችል አለና ወደ ኋላ ቀረ። ሙሜ በየጥምዙ ዞር ይላል። ቁጥቋጦውንና አቧራውን ብቻ ያያል፤ ግን ዳምጤ ከቁጥቋጦው ጀርባ ያለ፣ የሚሰማ ይመስለዋል። ሦስት ዓመት የኖረ ሰው ኦሮምኛ መስማቱ መቼ ይቀራል? ከእነዚህስ አርባ ሰዎች አንዱ ወሬ የሚያደርስ ቢሆን? አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል። «በዚህ ያዙ»፣ «ድንጋዩን ተጠንቀቁ» ይላል። ከዚያ ያለፈ ነገር አልወጣውም።

ሀሊማ ከደጅዋ ወጥታ እልል አለች። ልጇ በሞተር መጣ፣ ጎጡ ሁሉ ተሸክሞ አመጣው! «ኢልመኮ፣ ልጄ» እያለች እጁን ሳመች፣ ራሱን ሳመች። ዳምጤ ከብዙ ቆይታ በኋላ አብዱልቃዲር በላከለት አህያ ተቀምጦ ደረሰ። «የልጄ ጓደኛ» ብላ በቅል ወተት ሰጠችው፣ ጠጣ፤ ደገመችው፣ ጠጣ። ከዚያ ከሞተሩ ላይ የቀለሙን ጣሳና መዝገቡን ፈታ።

«ይህ የእናትህ ቤት ነው?» አለው ሙሜን ቀስ ብሎ።

«አዎ።»

«ባላውቅ ይሻለኝ ነበር» አለ ዳምጤ። እውነቱን ነበር፤ ዓይኑ ወደ መሬት ነው። «አሁን ብተወው ለዘመድ አዳላ ይሉኛል። ትእዛዝ ነው፣ ሙሜ።» ብሩሹን ነክሮ በሩ ላይ አንድ ቁጥርን ጻፈ። ከዚያ ወደሚቀጥለው ቤት ሄደ፣ ከዚያም ወደሚቀጥለው። ሰው ሁሉ ብሩሹን በዓይኑ ይከተላል። ማንም ወደ ሙሜ አላየም፤ ቢያዩትና ቢሰድቡት ይሻለው ነበር።

ሀሊማ ማንበብ አትችልም። ቀለሙን በጣቷ ነካች፣ ጣቷ ቀላ።

«ምንድን ነው የጻፈው?»

«ቤቱ ይነቀላል፣ አዮ፣ እናቴ። ሜዳ ትወርዳላችሁ።»

ሴትዮዋ አላለቀሰችም። ወደ ጫቷ አየች፣ ከቤቱ ጀርባ ወዳለው መቃብር አየች፣ ከዚያ ደጃፏ ላይ ተቀመጠች። ሙሜ ከእግሯ ሥር ተቀመጠና ያልተጠየቀውን ሁሉ ዘረገፈ። ካቦውን እንዳጠበቀው፣ ሸራው እንዲነድ እንደፈለገ፣ ሁለት ሳምንት ቢያልፍ ጋራ ኤጀርሳ ለከርሞ ይተርፍ እንደነበር፣ ሊመለሱ መሪውን ይዞ ሳለ የጎጡ ሰዎች እንደ ደረሱ ነገራት። እየነገራት እንባው ይወርዳል። አርባ ዓመት ሊሞላው ነበር።

ሀሊማ እስኪጨርስ ሰማችው።

«ታዲያ ለምን አልነገርከንም?» አለች። «ገደሉ በግራችን ነበር፣ ገመዱ በእጃችን ነበር። ሞተሩን ከነመዝገቡ እንለቀው ነበር እኮ።»

«ዳምጤ እንዳይሰማ ፈርቼ ነው፣ አዮ።»

«የትኛው ዳምጤ?» አለች ሀሊማ፣ የምሯን ግራ ገብቷት። «ሰውዬው ታች ዛፍ ሥር ተቀምጦ ሲያለከልክ አልነበረም እንዴ? አንተ እዚህ ከደረስክ በኋላ እኮ ነው አህያ የተላከለት። ይህን ሁሉ ዳገት ከገዛ ወንድሞችህ በቀር ማን ነበር አጠገብህ?»

ሙሜ ሊመልስ አሰበ። እናቱ ብቻ ነበረች አጠገቡ፣ ያም ሆኖ አስቀድሞ ዞር ብሎ ከኋላው ሰው መኖር አለመኖሩን አየ።